በርሊንና ለንደን ለተጠራኸው ልጅ፦ ቪዛህ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባህ አስቀድመህ እይ

«ጅማ ነኝ፣ በላፕቶፕ የምሠራውን ሙዚቃ በርሊንና ለንደን እንዳቀርብ ተጠርቻለሁ፣ ምን ላዘጋጅ?» ላልከው ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እኔም የተነሳሁት እዚያው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ካለች አንዲት ክፍል ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ የቡና መፈልፈያውን፣ የእናቴን ሙቀጫ በስልክ እየቀዳሁ ነው የጀመርኩት። ስለ ሙዚቃው አልነግርህም፣ ከተጠራህ ታውቅበታለህ። ስለ ወረቀቱ ግን ስማኝ።

1. የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ጀርመንና ሆላንድን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ከጉዞህ 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ አትዘግይ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉህም አይመለስም። የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍን። አንዲት ወረቀት ከጎደለችህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጅማ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሰህ ነው የምትመጣው። እኔ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።

2. ቅጹ ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደምትፈልግ ይጠይቅሃል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ፕሮግራሜ በርሊን፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ አምስተርዳም ነበር። የእንግሊዝን ቪዛ ለብቻው አውጥቻለሁ። የሸንገኑን ስሞላ ግን ያው አንድ ጉዞ ነው ብዬ «አንድ ጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እንግሊዝ እኮ ሸንገን ውስጥ የለችም! ከበርሊን ወጥቼ ለንደን ስገባ ቪዛዬ አበቃ፣ ቀኑ ገና ቢቀረውም። ይህን ያወቅኩት ለንደን ኤርፖርት፣ ሻንጣዬን ሚዛን ላይ አስቀምጬ፣ የአየር መንገዷ ልጅ ፓስፖርቴን ሦስቴ ካገላበጠች በኋላ ነው። አምስተርዳም ቀረ፣ ክፍያውም ቀረ። የመመለሻ ትኬቴ ከአምስተርዳም ስለነበር ሌላ በብድር ገዛሁ። ብድሩን ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ የሰርግ ቪዲዮ ድምፅ ሳስተካክል ከረምኩ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ማመልከቻዬን የተቀበለችኝ ሴትዮ ናት። «ባንድህ የታለ? ኪቦርድ እንኳ የለህ፣ ምን ዓይነት ሙዚቀኛ ነህ?» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ ብቻውን ቀድቷል፤ በ2013 እንደገና ሲታተም ስንቱ ፈረንጅ አበደለት። ያኔ ግን ይህ መልስ አልመጣልኝም። ባንዴን ከምትጠይቀኝ የጉዞ ፕሮግራሜን አንዴ ብታየው ስህተቱን ታገኘው ነበር።

ስለዚህ ፕሮግራምህ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚጠይቅ ቁጠር፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ለኢትዮጵያዊ ይሰጥ እንደሆነ ኤምባሲውን አስቀድመህ ጠይቅ፣ ካልተሰጠ የከተሞቹን ቅደም ተከተል ቀይር፤ የሁሉንም ከተማ የጥሪ ደብዳቤ አያይዝ። ደብዳቤው ላይ ብቻህን በላፕቶፕ እንደምትጫወት፣ ወጪህን ማን እንደሚችል ይጻፍልህ። ጀርመን ደግሞ ለአንድ መድረክ ከ250 ዩሮ በላይ ከተከፈለህ ከጠቅላላው 15 በመቶና ትንሽ ጭማሪ ግብር ይቆረጣል፤ የተነጋገርከው ዋጋ ከግብር በፊት ነው በኋላ ብለህ ጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ የሆቴል ሂሳብ ጎደለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አምስተርዳም ገባሁ። የጅማን ዝናብ በዚያ ሁሉ ስፒከር ስለቅቀው አዳራሹ ጸጥ አለ።

የጥሪ ደብዳቤህን በውስጥ ላክልኝ፣ ቀኖቹን አብረን እንያቸው።