ቦርጭ፣ ግፊት፣ ስኳር፦ ስለ ሜታቦሊክ ሲንድረምና ስለ ልብ ጥያቄና መልስ

የላብራቶሪ ውጤት ይዛችሁ የምትጠይቁ፣ ዕድሜያችሁን፣ ሲጋራ ማጨስ አለማጨሳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት አብራችሁ ጻፉ። ያለ እነዚህ የሚሰጥ መልስ ግማሽ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ 47 ዓመቴ ነው፣ አላጨስም። «ሜታቦሊክ ሲንድረም አለብህ» ተባልኩ። የልብ በሽታ ያዘኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ2009 ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት በተስማሙበት መለኪያ መሠረት ከአምስት ነገሮች ሦስቱ ተገኝተውብዎታል ማለት ነው። አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ የወገብ ዙሪያ (ከሰሃራ በታች ላለን ሰዎች ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ)፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት 150ና ከዚያ በላይ፤ ጥሩው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች፤ ግፊት የላይኛው 130 ወይም የታችኛው 85ና ከዚያ በላይ፤ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100ና ከዚያ በላይ። የደሙ ቁጥሮች ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው። በመድኃኒት የተስተካከለ ግፊትም ይቆጠራል።

ሦስቱ የተገኙበት ሰው የልብና የደም ሥር በሽታ ስጋቱ በግምት እጥፍ ነው፤ የስኳር በሽታው ስጋት ደግሞ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ግን የእጥፍ ወሬ ብቻውን አያስደንግጥዎ፤ የምን እጥፍ እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። በአምስቱ ውስጥ ዕድሜ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ኤልዲኤልም የለም። የ35 ዓመት የማታጨስ ሴትና የ60 ዓመት አጫሽ ወንድ አንድ ስም ሊሰጣቸው ይችላል፤ ስጋታቸው ግን አይገናኝም። ስለዚህ ሐኪምዎን «የ10 ዓመት ስጋቴ ስንት በመቶ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው የዚህ ስጋት ማስያ ሰንጠረዥ ለምሥራቅ አፍሪካ የራሱ ገጽ አለው፤ የላብራቶሪ ምርመራ በሌለበትም በክብደትና በቁመት የሚሠራ ዓይነት አለው።

ጥያቄ፦ ሱሪዬ 36 ቁጥር ነው፤ 91 ሴንቲሜትር ነው ማለት ነው። ከ94 በታች ነኝ?

መልስ፦ ሱሪ ከቦርጭ በታች ስለሚታሰር አይለካም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ፤ የመጨረሻውን የጎን አጥንትና የዳሌ አጥንቱን ጫፍ በጣት ይፈልጉ፤ መካከላቸው ላይ፣ በራቁት ገላ፣ ሜትሩ ከፊትም ከኋላም እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ትንፋሽ በተለመደው መንገድ ወጥቶ ሲያልቅ ያንብቡ። ሆድ ማስገባት የለም!

ጥያቄ፦ ክብደቴ ለቁመቴ ልክ ነው፤ ቦርጭ ብቻ ነው ያለኝ። ያሳስባል?

መልስ፦ አዎ። በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይለያል። የሚለቀው ቅባት በቀጥታ ወደ ጉበት ይገባል፤ ጉበት ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን ኢንሱሊንን አልሰማም ይላል፣ ትራይግሊሰራይድ ያመርታል፣ ኤችዲኤል ይወርዳል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ወገኖቻችን ላይም ስኳር በሽታ ከሌላው ሕዝብ ባነሰ የሰውነት ክብደት እንደሚመጣ ታይቷል። ሚዛን ብቻ ማየት ያታልላል።

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 210፣ ኤችዲኤል 34፣ ትራይግሊሰራይድ 260። ኤልዲኤል ወረቀቱ ላይ የለም።

መልስ፦ ይሰላል። ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ያካፍሉ፤ 52። ከ210 ላይ 34ንና 52ን ሲቀንሱ 124 ይቀራል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት አይሠራም። ለእርስዎ ግን የበለጠ የሚናገረው ሌላው ቁጥር ነው፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤል ብቻ ሲቀነስ 176። ይህ ደም ሥር ውስጥ የሚለጠፈውን ኮሌስትሮል በሙሉ ይይዛል። ትራይግሊሰራይድ ከፍ ባለበት ሰው ኤልዲኤል ደህና መስሎ ይህኛው ከፍ ሊል ይችላል፤ ግቡ ከኤልዲኤል ግብ በ30 ይበልጣል።

አውሮፓ ያላችሁ ውጤታችሁ በሚሊሞል ከሆነ ስኳሩን በ18፣ ኮሌስትሮሉን በ38.7፣ ትራይግሊሰራይዱን በ88.6 አባዙት።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን ሥጋም ቅቤም ሳልነካ ጾሜ ትራይግሊሰራይዴ ጨመረ። እንዴት?

መልስ፦ ትራይግሊሰራይድን በብዛት የሚያንረው ቅቤ ሳይሆን ስኳር፣ የተፈተገ ዱቄትና አልኮል ነው። የጾም ማዕድ በዳቦ፣ በፓስታ፣ በሳምቡሳና በጣፋጭ ሻይ ሲሞላ ይህ ይከሰታል። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 8 ግራም ነው፤ በቀን አምስት ስኒ ሻይ 40 ግራም ይሆናል። ለአዋቂ ከ50 በታች፣ ቢቻል 25 አካባቢ ነው የሚመከረው።

እንጀራውን አትተዉ፤ መጠኑን ቀንሱና ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን ጨምሩ። ዘይት በማንኪያ ይለካ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤል የሚያንር ቅባት ነውና ፈሳሹ ይሻላል።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠኑን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። ሌላው የስኳር ክኒን ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን እምብዛም አያደርግም።

ጥያቄ፦ ግፊቴ ክሊኒክ 150/95፣ ቤት 138/88 ነው። የቱን ልመን?

መልስ፦ በትክክል ከተለካ የቤቱን። የቤት ወሰኑ ግን 135/85 ስለሆነ 138/88ም ከፍ ያለ ነው። ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡና፣ ጫትና ሲጋራ ይቅር፤ ሽንት ይውጣ፤ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድ በጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል። ክንድ ከተንጠለጠለ ወይም ማሰሪያው ለክንድዎ ከጠበበ ቁጥሩ በሐሰት ይጨምራል። እየለኩ ማውራትም እንዲሁ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ፣ ጧትና ማታ ለአንድ ሳምንት ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት ክኒን ከጀመርኩ ወዲህ ደረቅ ሳል አለቀቀኝም።

መልስ፦ የታወቀ ጉዳቱ ነው። በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪሙ ወደ ሎሳርታን ሊቀይረው ይችላል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ሌላ ክኒን ሳይውጡ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁለቱንም አትወስድም።

ጥያቄ፦ ለጥንቃቄ በየቀኑ አስፒሪን ልውሰድ?

መልስ፦ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ላልደረሰበት ሰው በዘፈቀደ አይወሰድም፤ የጨጓራ መድማት ያመጣል።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት በማር?

መልስ፦ ነጭ ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ይግባ፤ ማሩ ስኳር ነው።

ጥያቄ፦ 92 ኪሎ ነኝ፣ ስኳሬ 112። ስንት ልቀንስ?

መልስ፦ በባዶ ሆድ የተለካ ከሆነ 112 ገና የስኳር በሽታ አይደለም፤ ደጃፉ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2002 በወጣ ትልቅ ጥናት የክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩ ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ መሻገራቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31። ለእርስዎ 7 በመቶው ስድስት ኪሎ ተኩል ነው። እርምጃው ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን የማያስችል ይሁን። በሁለት ወር 15 ኪሎ የሚያስጥል ነገር አይፈልጉ፤ ጡንቻ ይወስድና ኪሎው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የደረት ሕመም መቼ ነው የሚያስሮጠው?

መልስ፦ ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ ጋዝ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ስኳር ያለባቸው ሰዎችና ሴቶች ሕመም ሳይሰማቸው ድካም፣ ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊኖራቸው ይችላል። ራሳችሁ መኪና አትንዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112።

ጥያቄ፦ አቶርቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል ክኒን ጀምሬያለሁ፤ መቼ ልመርመር?

መልስ፦ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ኮሌስትሮልዎን ይድገሙ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ቁጥሩ ቢወርድም ክኒኑን አያቁሙ፤ ያወረደው እሱ ነው።