ጥያቄና መልስ፦ ለልደት ከተፍ የሚሉ ዘመዶች

በዚህ ሳምንት ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱኝ አራት ጥያቄዎች ሁሉም የልጆችን ልደት ይመለከታሉ፤ ጠያቂዎቹን ያስጨነቃቸው ግን ድግሱ ሳይሆን ለዓመታት ጠፍተው ድንገት ከተፍ የሚሉት ዘመዶች ናቸው።

«የባለቤቴ አክስት ለልጃችን አምስተኛ ዓመት ልደት ከበለሳ ይመጣሉ። አማቴ ዓምና ሲያርፉ ለቀብሩም ለተዝካሩም አልደረሱም። ከዚያ በፊት በአንድ ሠርግ ላይ የሞተ ዘመድ አስታውሰው ሙሾ በማውረዳቸው ድንኳኑ በሙሉ ለቅሶ ሆኖ ነበር። አይምጡ ማለት ይቻላል?» (ከማራኪ)

አይቻልም፤ ቢቻልም አይገባም። እኒህ ሴት እርማቸውን አላወጡም። በወጋችን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የሐዘኑን ቤት ደጃፍ መጀመሪያ በረገጠበት ቀን ማልቀስ ይጠበቅበታል፤ ዝም ብለው ገብተው ኬክ ቢጎርሱ የሚያማቸው ይኸው አሁን የሚፈራቸው ዘመድ ነው። ስለዚህ ከልደቱ አንድ ቀን አስቀድመው እንዲመጡ ያድርጉ። ባለቤትዎ መናኸሪያ ድረስ ሄደው ይቀበሏቸው፤ ቤት ውስጥ ፍራሽ ይነጠፍ፣ የአማትዎ ፎቶግራፍ ይውጣ፣ አማትዎን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ይጠሩና አብረው ያልቅሱ። ሕፃኑን ለዚያች ሰዓት ጎረቤት ቤት መላክ አይከፋም። ከዚያ ውኃ ቀርቦላቸው ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ አዘቅዝቀው የለበሱትንም ነጠላ ሲያስተካክሉ ካዩ ነገሩ አልቋል፤ በማግሥቱ እልል ለማለት የሚቀድማቸው አይኖርም።

«አጎቴ ከአርማጭሆ መጥተው፣ ልጄ ሻማውን ሲያጠፋ በጓሮ በኩል ሦስት ጥይት ሊተኩሱለት አስበዋል። እንዴት ልከልክላቸው?» (ከአዘዞ)

ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ተመልሶ ሲወርድ ቆርቆሮ በስቶ የተኛ ሰው ሊገድል ይችላል። ደግሞስ ባለፉት ዓመታት ተኩስ በሰማ ቁጥር ልጆቹን ይዞ ወለል ላይ መተኛት በለመደ ከተማ፣ ይህኛው የደስታ መሆኑን ለጎረቤት ማን ይነግረዋል? እርስዎ በእንግዶች ፊት ቢከለክሏቸው ግን ክብራቸው ይነካልና፣ መሣሪያቸውን ቤታቸው ትተው እንዲመጡ አንድ የዕድሜ እኩያቸው አስቀድሞ ይንገራቸው። በምትኩ ፉከራውንና ቀረርቶውን ይተዉላቸው፤ እርሱም ልጆቹ ኬኩን ከቀመሱ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ቀረርቶ አንዴ ከተጀመረ ቶሎ አያልቅም።

«ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ብላ በዕንቁጣጣሽ ዕለት ትደውላለች፤ መሪጌታ አጎታችን ደግሞ ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ ነው ብለው በሌላው ዓመት ኬክ አልቀምስም ይላሉ። ማንን ልስማ?» (ከፒያሳ)

ሁለቱም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ጳጉሜን 6 የምትገኘው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ስለሆነች ከ2011 ወዲህ የመጣችው በ2015 ነው፤ ቀጣይዋም በ2019 ናት። እህትዎ የያዙት ሴፕቴምበር 11 በእነዚያ ዓመታት ጳጉሜን 6 ላይ፣ በቀሩት ሦስት ዓመታት ግን መስከረም 1 ቀን ላይ ይውላል። እኔ ጳጉሜን 5ን እመርጣለሁ፤ በግ በሚታረድበት ዕለት የአንዲት ልጅ ሻማ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም፣ ልጅቱም ከእኩዮቿ ጋር አበባየሆሽ ልትል ትወጣለች። መሪጌታን ግን በዘመን ቆጠራ አይከራከሯቸው፤ ዳቦውን እንዲባርኩ ይጋብዟቸው። ኬክ አልቀምስም አሉ እንጂ ድፎ ዳቦ አልቀምስም አላሉም።

«የእናቴ ወንድም ከወገራ ሙክት እየነዱ ለልደት ይመጣሉ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ የምንኖረውም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።»

ልደቱ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ካልዋለ በቀር ረቡዕ ጾም ነውና፣ ዕለቱን በጾም ኬክ ያሳልፉና ሙክቱ ሐሙስ ይታረድ። እስከዚያ ግቢ ውስጥ ይታሰር፤ ሣርና ውኃ የሚያቀርብለት ሰው ግን ከቤተሰቡ ይመደብ እንጂ ሥራው ዘበኛው ላይ አይጣል።