የአገር ቤቱ ሚኒባስ ቨርጂኒያ ይገባል ወይ?

የመኪና ገጽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጃፓን ያገለገለ ቫን አስመጥቶ፣ አልጋና ማብሰያ ገጥሞ ካምፐር ቫን ማድረግ የፈለጉ አንባቢዎች ጥያቄ ተጠራቅሞብናል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ዋጋ ነው። እኛ ግን ከዋጋው በፊት ቀኑንና የወረቀቱን ዓይነት እናስቀድማለን፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ ታክሲ የሚሠራውን ዓይነት ቶዮታ ሃይኤስ እዚህ አገር አልተሸጠም። ከጃፓን ጨረታ የ2001 ሞዴል አግኝቻለሁ። ሻጩ «25 ዓመት ይሞላዋል፣ ችግር የለም» ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና የአገሩን የደኅንነት መስፈርት ሳያሟላ መግባት የሚችለው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። «የ2001 ሞዴል» የሚለው ቃል ግን ብቻውን ለጉምሩክ ምንም አይነግረውም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኤንኤችቲኤስኤ) 25 ዓመቱን የሚቆጥረው መኪናው ከተመረተበት ወር ጀምሮ ነው። ኦክቶበር 2001 የተመረተ መኪና ኦክቶበር 2026 ሳይገባ ባልቲሞር ወደብ ከደረሰ፣ የጎደለው አንድ ወር ብቻ ቢሆንም ጣጣው የአስመጪው ነው። በራስ ወጪ እስከ መመለስ ወይም እስከ ማስወደም ይደርሳል።

የጃፓን ወረቀት ደግሞ የምርት ቀን አይጽፍም። መኪናው ከአገሩ መዝገብ ወጥቶ እንዲላክ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ላይ የሚያገኙት መጀመሪያ የተመዘገበበትን ዓመትና ወር ነው፤ እሱም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተቆጠረ። ሄይሴይ ላይ 1988 ይደምሩ፦ ሄይሴይ 12 ማለት 2000፣ ሄይሴይ 13 ማለት 2001 ነው። መኪና ሳይመረት አይመዘገብም። ስለዚህ የተመዘገበበት ወር 25 ዓመት ካለፈው ክርክር የለም፤ ኤንኤችቲኤስኤም ይህን የምዝገባ ወረቀት በማስረጃነት ይቀበላል። በወር በሁለት ወር ጠርዝ ላይ ያለውን ትተው ምዝገባው ዕድሜውን የሞላውን ይፈልጉ። የወንበር ቀበቶው ላይ የተሰፋችውን ባለ ቀን ጨርቅ ፎቶ አንስቶ የሚልክ ሻጭ አለ። ያ ለእርስዎ ፍንጭ ይሆናል እንጂ ጉምሩክ ፊት አያቆምዎትም።

አገር ቤት አባዱላ የሚባለው ሰፊው ቅርጽ መመረት የጀመረው ኦገስት 2004 ስለሆነ ከ2029 በፊት አይታሰብም። አሁን የሚገባው ከሱ በፊት የነበረው፣ ከ1989 ጀምሮ የተሠራው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቀረጡ ነው። የሰው መጫኛ መኪና መደበኛ ቀረጥ 2.5 በመቶ ሲሆን የዕቃ መኪና ግን 25 በመቶ ነው። የ7,000 ዶላር መኪና በመጀመሪያው 175 ዶላር፣ በሁለተኛው 1,750 ዶላር ይከፍላል። ልዩነቱ ያለው ከሹፌሩ ጀርባ ነው፦ ከፋብሪካ የተገጠመ ወንበር፣ ቀበቶና የጎን መስኮት ያለው ከሰው መጫኛ ይመደባል፤ ጀርባው ባዶ ላሜራ የሆነው ዕቃ መጫኛ ነው። በጃፓን ታርጋ ከላይ ያለው ቁጥር በ3 ወይም በ5 ከጀመረ የሰው፣ በ1 ወይም በ4 ከጀመረ የዕቃ፣ በ8 ከጀመረ ካምፐርን የመሰለ ልዩ አገልግሎት ያለው ነው። ብዙዎች «ለካምፐር ወንበር ምን ያደርግልኛል፣ ጃፓን ላይ ይነቀልልኝ» ይላሉ። አይነቀል! መኪናው እንደተሠራ ይምጣ፤ የሚነቀለው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱም (ኢፒኤ) 21 ዓመት የሞላውን መኪና የሚያሳልፈው ሞተሩ በመጀመሪያው ይዞታው ላይ ከሆነ ነው። ሞተሩ በሌላ ዓይነት የተቀየረ መኪና እዚህ ላይ ይወድቃል።

ቀረጡ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ሲሆን የባሕር ማጓጓዣው አይጨመርበትም። በመደበኛው ላይ የሚደረቡ ተጨማሪ ታሪፎች በየጊዜው ስለሚቀያየሩ፣ ጨረታ ከመግባትዎ በፊት የጉምሩክ አስተላላፊ (ብሮከር) ጠቅላላውን ሒሳብ በጽሑፍ ይስጥዎት።

ወረቀቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ለኤንኤችቲኤስኤ ኤችኤስ-7 ቅጽ ላይ ሳጥን 1፣ ለኢፒኤ 3520-1 ቅጽ ላይ ኮድ ኢ፣ ለጉምሩክ 7501 ቅጽ፤ በተጨማሪ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የመርከብ ሰነድ፣ ከነትርጉሙ ያ የጃፓን ሰርተፊኬት። ከሁሉ የሚረሳው አይኤስኤፍ የሚባለው ቅድመ ማስታወቂያ ነው። መኪናው ጃፓን ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ብሮከሩ ማስገባት አለበት፤ ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላር ይሄዳል። «መኪናው ሲደርስ ብሮከር እፈልጋለሁ» የሚል ሰው የሚቀጣው በዚህ ነው።

ከመጫኑ በፊት የመኪናው ሆድ በእንፋሎት ይታጠብ፤ አፈር ይዞ የመጣ መኪና የእርሻ ተቆጣጣሪዎች ያስቆሙታል። እየተነዳ በሚጫንበት መርከብ ከሆነ ውስጡ ምንም ዓይነት ዕቃ አያስቀምጡ። ወደብ ውስጥ ለመግባት ትዊክ የሚባለው መታወቂያ ስለሚያስፈልግ፣ ከሌለዎት አጃቢ ወይም መታወቂያው ያለው አጓጓዥ አስቀድመው ይያዙ። በ15 ቀን ውስጥ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ ያልተጀመረለት ዕቃ ወደ ሌላ መጋዘን ይወሰዳል፤ ኪራዩም በእርስዎ ላይ ይቆጥራል።

ታርጋ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 25 ዓመት የሞላው መኪና በቨርጂኒያ የጥንታዊ መኪና ታርጋ ማግኘት ይችላል፤ ርካሽም ስለሆነ ብዙ ሰው ይጓጓለታል። በሕጉ መሠረት በዚህ ታርጋ ለሽርሽር የሚነዳው አልፎ አልፎ፣ ከመኖሪያ ቤት ከ250 ማይል ሳይርቅ ነው። ካምፐር ቫን ሠርቶ ፍሎሪዳ ላልደርስ ካሉ ይሁን፤ አለዚያ መደበኛውን ታርጋ ያውጡ።

ጥያቄ፦ የጨረታ ወረቀቱን ላኩልኝ፤ በጃፓንኛ ፊደልና በቁጥር የተሞላ የመኪና ሥዕል ነው። ደረጃው 3.5 ይላል። ናፍጣው 3.0 ሊትር ቱርቦ ነው። ምኑን ልይ? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ደረጃው ብዙ አያስጨንቅዎት፤ ለዚህ ዕድሜ 3.5 ደህና ነው። አር ወይም አርኤ ከተጻፈበት ግጭት ደርሶበት አካሉ ተጠግኗል ማለት ነው። ዋናው ሥዕሉ ነው። ኤ ጭረት፣ ዩ ስርጉድ፣ ደብልዩ ተጠግኖ ሞገድ የቀረበት (ብዙ ጊዜ ሥሩ ስቱኮ አለ)፣ ኤስ ዝገት፣ ሲ የበላ ዝገት፣ ኤክስ መቀየር ያለበት፣ ሁለት ኤክስ የተቀየረ። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጠኑን ይነግራል፤ ትልቅ ሲሆን ይብሳል። ለካምፐር ከሆነ አስር ጭረት ይለፍዎት፣ አንዲት ሲ ግን አትለፍዎት። በእጅ በተጻፈው ማስታወሻ ውስጥ «ሺታማዋሪ ሳቢ» የሚል ካለ የሆዱ ዝገት ማለት ነው። ሆካይዶና ሌሎች በረዶ የሚበዛባቸው አካባቢዎች መንገድ ላይ ጨው ስለሚነሰነስ ከዚያ የመጣ መኪና ላይ ይህን ያገኙታል። ሻጩን የእነዚህን ቅርብ ፎቶ ይጠይቁት፦ የተንሸራታች በሩ የታችኛው ሐዲድ፣ የኋላ ጎማ ቅስቶች፣ የፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ፣ የጣሪያው ውኃ መውረጃ። ጣሪያው ከተበላ ሶላር የሚሸከመው ላሜራ የለዎትም።

ሞተሩ ዋንኬዜድ-ቲኢ የሚባለው ነው። ጉልበት አለው፤ ሙቀት ግን አይወድም። ራዲያተሩ ተዘግቶ አንዴ ከጋለ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ራዲያተሩ ውኃ ይገባል፤ ራዲያተሩ ይፈላል፤ ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጭስ ይኖራል። ጃፓን ያለ መርማሪ ሊያደርገው የሚችል ርካሽ ፈተና አለ፦ ሞተሩ እየሠራ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያዝ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ። ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ደህና ነው፤ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ከተለወጠ መኪናውን ይተዉት። የታይሚንግ ቺንጊያው በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየሩን የሚያሳይ ተለጣፊ ሞተሩ አካባቢ ይፈለግ፤ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።

ይህ ሞተር አሜሪካ ውስጥ በተሸጠ ቶዮታ ላይ ስላልነበረ መለዋወጫው በትእዛዝ የሚመጣ ነው። ቤንዚን 2.7 ሊትር ስሪአርዜድ ያለው ካገኙ ግን እዚህ ታኮማ ላይ የነበረ ሞተር ስለሆነ ብዙ ዕቃ ከጎረቤት ሱቅ ይገኛል። ናፍጣው ይሻላል የሚል ክርክር አገር ቤት ያዋጣል፤ ሜሪላንድ ውስጥ እኛ ቤንዚኑን እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ ከሎስ አንጀለስ ነኝ፤ ያው መንገድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ካሊፎርኒያ ከፌዴራሉ የጠበቀ የጭስ ሕግ አላት። ከ1976 ወዲህ የተሠራ ቤንዚን መኪና ከውጭ በቀጥታ ሲመጣ የግዛቱን የጭስ መስፈርት ማለፍ አለበት፤ የላብራቶሪው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሌላ ግዛት ተመዝግቦ የሚነዳ አይተው እንዳይታለሉ።

ጥያቄ፦ ካምፐሩን አሠርቼ በኋላ አዲስ አበባ ብወስደውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ከዚያም በፊት የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥል ነበር።

ጥያቄ፦ መኪናው ደርሶልኛል። አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ሶላር እና የኤሌክትሪክ ምጣድ ልገጥም ነው። ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ገዝቻለሁ። ይበቃል? (ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ከምጣዱ በቀር ይበቃል። 100 አምፔር ሰዓት በ12.8 ቮልት 1,280 ዋት ሰዓት ነው። ኮምፕረሰር ያለው የ12 ቮልት ፍሪጅ በቀን 380 ዋት ሰዓት ያህል፣ መብራት፣ ስልክና የጣሪያ ቬንትሌተር 200 ገደማ ይወስዳሉ፤ ለሁለት ቀን ይሄዳል። 200 ዋት ሶላር በአራት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ 600 ያህል ይመልሳል።

ምጣዱ 1,500 ዋት ከሆነ በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው መሣሪያ) በኩል ከባትሪው 135 አምፔር ይስባል። ብዙ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች ውስጣቸው ያለው መቆጣጠሪያ ከ100 አምፔር በላይ ሲሳብ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ ምጣዱ ሳይግል መብራቱ ይሄድብዎታል። ባይጠፋ እንኳ 45 ደቂቃ ጋገራ ሙሉ ባትሪ ይጨርሳል። እንጀራው ቤት ተጋግሮ ይሂድ፤ ወይም የካምፕ ቦታው ባለ 30 አምፔር ሶኬት ላይ ይሰኩት፤ እሱ 3,600 ዋት ይችላል። ለጀበና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበቃል፣ በር ተከፍቶ። ከሰል ግን መኪና ውስጥ በጭራሽ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከአልጋው አጠገብ ይሰቀል።

ከሞተሩ ባትሪ ለመሙላት የ30 አምፔር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (ወደ ሊቲየሙ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥን መሣሪያ) ይግጠሙ፤ ቀጥታ ሽቦ ከዘረጉ ሊቲየሙ ከአቅሙ በላይ እየሳበ ዲናሞውን ያቃጥለዋል። ሽቦው 16 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ በሁለቱም ጫፍ ፊዩዝ ያለው፣ ፊዩዙም ከባትሪው 18 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይሁን። ከፊዩዙ በፊት ያለው ሽቦ ተፈግፍጎ ላሜራ ከነካ የሚያስቆመው ነገር የለም። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች አይሞላም፤ ስለዚህ ባትሪው ወለሉ ላይ ሳይሆን አልጋው ሥር ሙቀት በሚያገኝበት ይቀመጥ።

አልጋውን በቁመት ይሥሩት። የዚህ ሃይኤስ የውጭ ስፋት 1.69 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከግድግዳና ከኮምፔርሳቶ በኋላ አዋቂ ሰው አግድም አይዘረጋም። ተንሸራታች በሩ ደግሞ ጃፓኖች በግራ ስለሚነዱ በግራ በኩል ነው፤ እዚህ መንገድ ዳር ሲቆሙ ወደ ትራፊኩ ይከፈታል። ማብሰያውን ከዚያ በር አጠገብ አይሥሩ፤ የኋላውን በር ዋና መውጫ አድርገው ይንደፉ። የፊት መብራቶቹም ወደ ግራ ስለሚያዘነብሉ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራሉ። ለአሜሪካ መንገድ በተሠሩ መብራቶች ሳይቀይሩ ለዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ አይቅረቡ።

ጃፓን ላይ ካምፐር ሆኖ የተሠራ ለገዛ ሰው ደግሞ፦ የውስጡ ሶኬትና መሣሪያ የ100 ቮልት ነው። እዚህ 120 ቮልት ሲሰካበት መጀመሪያ የሚሄደው የባትሪ ቻርጀሩ ነው፤ ከመሰካትዎ በፊት የቻርጀሩን ሰሌዳ ያንብቡና 100 ብቻ የሚል ከሆነ አውጥተው ይቀይሩት።