ሾተላይ ነው ብላችሁ አትቀመጡ

ሜሪላንድ መኖር ከጀመርሁ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከአገር ቤት የመጡ እኅቶች ጽንስ አልጸና ሲላቸው አፋቸውን ይዘው ሲቀመጡ እያየሁ ኖሬአለሁ፤ ከሁሉም አስቀድሜ አፌን ይዤ የተቀመጥሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ቃሌ ቢከብዳችሁ የምቆጣው በራሴም ጭምር እንደሆነ ዕወቁልኝ።

1. ኢንሹራንሳችሁ ወደ ስፔሻሊስት ለመሄድ ሪፈራል (የሐኪም መላኪያ ወረቀት) ይጠይቅ እንደሆነ በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። ስለ ወረቀት ይኸው ይበቃል።

2. ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ እስኪጨነግፍባችሁ አትጠብቁ። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ሁለት ጊዜ የጨነገፈባት ሴት እንድትመረመር ይመክራል። ሐኪማችሁ «እንደገና ሞክሩ» ብቻ ብሎ ቢሸኛችሁ፣ ወደ መካንነት ስፔሻሊስት እንዲልካችሁ በግልጽ ጠይቁ። በዚያ የማሕፀናችሁ ቅርጽ፣ የታይሮይድ ዕጢያችሁና የሁለታችሁም ክሮሞዞም ሊታይ ይችላል፤ ደም እንዲረጋ እያደረገ እርግዝናን የሚያሰናክለው አንቲፎስፎሊፒድ የተባለው ችግርም በደም ይመረመራል። ይህኛው ምርመራ ችግር ካሳየ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ስለሚደገም፣ የመጀመሪያውን ውጤት ሰምታችሁ አትጥፉ። ችግሩ ከተገኘ በእርግዝና ጊዜ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው ከሄፓሪን መርፌ ጋር ይታዘዛል። ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ ምክንያቱ ሳይገኝላቸው ይቀራል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ኋላ ይወልዳሉ።

3. በእኛ ዘንድ ልጅ ያልቆየላት ሴት ሁሉ ሾተላይ አለባት ትባላለች። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው የአር ኤች ደም አለመጣጣም የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነው፤ መከላከያ መርፌውም በአሜሪካ ከፈረንጆቹ 1968 ጀምሮ አለ። ጉዳቱ ግን በአብዛኛው ከመጀመሪያው በኋላ ባለው እርግዝና፣ ያውም በኋለኞቹ ወራት የሚታይ ስለሆነ፣ በስምንተኛው ሳምንት ለሚጨነግፍ ጽንስ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል። ጠበልን አልነቅፍም፤ እኔም ተጠምቄአለሁ። ለክታብ ጸሓፊ በየወሩ ብር እየላኩ የደም ምርመራን ለከርሞ ማስተላለፍ ግን ምን የሚሉት ነው?

4. ዘመድ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሐኪም ፊት አትቅረቡ። ለእኔ ያስተረጎመችልኝ የባለቤቴ እኅት ነበረች። ሐኪሟ ከዚህ በፊት አርግዤ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ከአማቶቼ የደበቅኋቸው ሁለቱ በጉሮሮዬ ተሰንቅረው ሳለ «የመጀመሪያዬ ነው» አልሁ። ሐኪሟም «ብዙ ሴት ያጋጥማታል» ብላ አጽናንታ ሸኘችኝ፤ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ የዋሸኋት እኔ ነኝ። ምርመራዬ የተጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሌሎች ሁለት ጽንሶች ከሄዱ በኋላ ነው።

የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የሰፈር ሰው እንዳይሰማ ከፈራችሁ በስልክ የሚያስተረጉም ጠይቁ፤ ስማችሁም እንዳይነገረው አሳስቡ። አስተርጓሚው «ውርጃ ነበረሽ?» ቢላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ በሕክምና እንግሊዝኛ በራሱ የጨነገፈውም «አቦርሽን» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ «ሳልፈልግ የጨነገፈብኝ ይህን ያህል ነው» ብላችሁ ቁጥሩን ንገሩት።

5. ለማናውቀው የሩቅ ዘመድ እንኳ ሌሊት ተነሥተን ለቅሶ የምንደርስ ሰዎች፣ ጽንስ ያጣች ሴት ቤት ሄዶ ቡና የሚያፈላ አንድ ሰው አንልክም፤ በክርስትና ድግስ ላይ ግን ሆዷን እያየን «አንቺስ መቼ ነው?» እንላለን። ይህን የምትሉ እናቶች ዝም በሉ። ባሎችም ሚስት እንዳትሰበር ብላችሁ ኀዘናችሁን አትደብቁ፤ የእኔ ባለቤት የሥራ ቦታው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ብቻውን ያለቅስ እንደነበር የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምንም አልተሰማውም ብዬ አኩርፌው ኖሬአለሁ። ሆስፒታሉ የኀዘን አማካሪ ወይም ሶሻል ወርከር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ፤ ለምታምኗት አንዲት ጓደኛም ንገሩ።

ቀኑንና ሳምንቱንም በደብተር ጻፉ። ስፔሻሊስቷ እያንዳንዱ እርግዝና መቼና በስንተኛው ሳምንት እንደተቋረጠ ስትጠይቀኝ፣ ስለ ሁለተኛው መናገር የቻልሁት በፍልሰታ ጾም እንደነበር ብቻ ነው።