መልስ፦ ካናዳ ለዓለም ሰላም ምን ሠራች?

ወንድሜ፣ «ካናዳ ልዕለ ኃያል አይደለችም፤ ለዓለም ሰላም ምን ሠራች?» ብለሃል። ብዙ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1956 በግብፁ የስዊዝ ቦይ ምክንያት ጦርነት ሲነሳ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሌስተር ፒርሰን የተመድ ጦር መሃል እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። ጦሩ ገባ፤ ፒርሰንም በ1957 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ።

በ1997 ደግሞ መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ፀረ ሰው ፈንጂ የሚያግደው ስምምነት ኦታዋ ላይ ተፈረመ። ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ጎረቤታችን አባት ከባድመ ግንባር የተመለሱት አንድ እግራቸውን ፈንጂ ወስዶባቸው ነው። ጠዋት በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በክራንቻቸው ጠጠሩን እየፈተሹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አያለሁ። ከዚያ ጦርነት በኋላም የካናዳ ወታደሮች ለሰላም ማስከበር ወደ ድንበራችን መጥተው ነበር።