የዓሣ አጥንት ለቅሞ ምን ይገኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የታሪክ ተማሪ ነኝ። አንድ የቁፋሮ ዘገባ ሳነብ የዓሣ አጥንት ብቻ የሚለይ ባለሙያ እንዳለ አየሁ። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ቁም ነገር ምንድን ነው? «ሰዎቹ ዓሣ ይበሉ ነበር» ከማለት ያልፋል?

መልስ፦ ኧረ በጣም ያልፋል! መጀመሪያ የዓሣው ዓይነት ይለያል። ዓይነቱ ከታወቀ የሚኖርበት ውኃ ይታወቃል፤ ከዚያ ሰዎቹ የት ድረስ ሄደው፣ በምን ዘዴ እንዳጠመዱት መገመት ይቻላል። ምሥራቅ ቲሞር ውስጥ ጀሪማላይ በሚባል የዋሻ መጠለያ ወደ 42,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የቱና አጥንት ተገኝቷል። ቱና የሰፊው ባሕር ፈጣን ዋናተኛ ነው። ታዲያ ሰዎቹ ያኔ በጀልባ ወደ ጥልቁ ይወጡ ነበር? ቆፋሪዎቹ የጥልቅ ባሕር አጥማጆች ነበሩ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አጥንቶቹ የትናንሽ ቱናዎች ስለሆኑ፣ ትናንሾቹም ወደ ዳርቻ ስለሚጠጉ፣ ያለ ጀልባም ሊያዙ ይችላሉ ብለው ይሞግታሉ። ክርክሩ ገና ሞቅ ያለ ነው፤ እኔ የምወደው ግን መጠን ከዓይነት እኩል እንደሚናገር ስለሚያሳይ ነው።

እዚያው ቦታ ከዛጎል የተሠራ መንጠቆም ተገኝቷል፤ ዕድሜው ከ16,000 እስከ 23,000 ዓመት ይገመታል። እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው ግን ዕድል ሲቀና ነው። መረብ፣ ገመድ፣ ከቀጭን እንጨት የተሠራ ወጥመድ፣ ሁሉም በስብሶ ይጠፋል። ስለዚህ አጥንቱ ይለካል። ዓሣዎቹ በሙሉ ትናንሽና ተቀራራቢ መጠን ያላቸው ከሆኑ መረብ ይጠረጠራል፤ አንድ በአንድ በመንጠቆ ወይም በጦር ትናንሾችን ብቻ መልቀም አድካሚ ነውና።

ወቅቱም ይታወቃል። በዓሣ ጭንቅላት ውስጥ ኦቶሊት የሚባል ትንሽ የጆሮ ድንጋይ አለ። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት እየጨመረ ያድጋል። ቀለበቱ ተቆጥሮ የዓሣው ዕድሜ፣ የመጨረሻው ዕድገት የት ላይ እንደቆመ ታይቶ ደግሞ የሞተበት ወቅት ይገመታል። ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሰዎቹ ቦታው ላይ ዓመቱን ሙሉ ኖረው ነው ወይስ ለአንድ ወቅት መጥተው ሄደው የሚለውን ትልቅ ጥያቄ የምትመልሰው ጥፍር የምታህል ድንጋይ ናት።

ንግድም አለበት። ኮድ የሚባለው የሰሜን አትላንቲክ ባሕር ዓሣ ሲደርቅ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይቀራል፤ የሚጓዘው ቀሪው አካል ነው። ስለዚህ አንድ ከተማ ውስጥ አከርካሪው በዝቶ የጭንቅላት አጥንት ከጠፋ ዓሣው ደርቆ ከሩቅ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ካለው ከቫይኪንጎች (ከጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች) የንግድ ከተማ ከሃይታቡ የተገኘ የኮድ አጥንት ዲኤንኤው ተመርምሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ የተወሰኑት ዓሣዎች ከሰሜን ኖርዌይ ባሕር የመጡ መሆናቸው ታይቷል። ከ1,000 ዓመት በፊት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የጥንት ሰው ሲባል ሁሌ የማየው ዝሆንና ጎሽ ሲያድን ነው። ዓሣ መብላት የተጀመረው ዘግይቶ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ይሄ ሥዕል የተዛባው በከፊል በወንፊት ምክንያት ነው፤ በቁም ነገር ነው የምልህ። የድሮ ቆፋሪዎች አጥንቱን በእጅ ይለቅሙ ወይም አፈሩን ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ወንፊት ይነፉ ነበር፣ የጎሽ ጭን እጃቸው ላይ ይቀራል፣ የዓሣ አከርካሪ ግን ከአፈሩ ጋር ይደፋል። ዛሬ ቀዳዳው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር በሆነ ወንፊት በውኃ እየታጠበ ይጣራል። ስለዚህ «እዚህ ቦታ ዓሣ አልተገኘም» የሚል የቆየ ዘገባ ካገኘህ፣ እባክህ መጀመሪያ በምን እንደተነፋ ፈልግ።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ እስራኤል ውስጥ ጌሸር ቤኖት ያዕቆብ የሚባል ቦታ ላይ የ780,000 ዓመት የትልልቅ ካርፕ ዓሣ ጥርሶች ተገኝተዋል። ጥርሱ ሞልቶ አጥንቱ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ የጥርሱ ክሪስታል ሲመረመር ለስለስ ባለ እሳት መብሰሉን አሳየ፣ የበሰለ አጥንት ደግሞ ልሞ ይፈርሳል። ኮንጎ ውስጥ በሰምሊኪ ወንዝ ዳር ካታንዳ ላይ ከአጥንት የተሠሩ ባለ እሾህ የጦር ጫፎች ከትልልቅ የአምባዛ አጥንቶች ጋር ተገኝተዋል፤ ወደ 90,000 ዓመት ይገመታሉ። ዓሣዎቹ ያደጉ መሆናቸው እንቁላል ሊጥሉ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ሲወጡ ተጠብቀው እንደተወጉ ያመለክታል። በእኛው ሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንፋ መተማ 1 የተባለው ቦታ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። ከ74,000 ዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለው የቶባ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አካባቢው ሲደርቅ ሰዎቹ ዓሣ መብላት አበዙ። ወንዙ ሲቆራረጥ ኩሬ ውስጥ የቀረውን ማጥመድ ይቀላላ!

ጥያቄ፦ አጥንቱን ወፍ ወይም ሌላ እንስሳ አምጥቶት ቢሆንስ? ሰው መብላቱ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ጥሩ ጥርጣሬ ነው፤ ባለሙያዎቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የቢላ ጭረት፣ የመቃጠል ምልክት፣ ከምድጃ አጠገብ መገኘቱ ወደ ሰው ያመለክታል። በእንስሳ ሆድ ያለፈ አጥንት ደግሞ በአሲድ የተበላ፣ የተጣመመ ይሆናል።

ሌላው መንገድ የሰውየውን የራሱን አጥንት መመርመር ነው። ከባዱ የናይትሮጅን አይሶቶፕ (ክብደቱ ከፍ ያለ የናይትሮጅን ዓይነት) አንዱ ሌላውን ሲበላ በየደረጃው እየጨመረ ይሄዳል፤ በውኃ ውስጥ የምግብ ሰንሰለቱ ረጅም ስለሆነ ዓሣ አዘውትሮ በበላ ሰው አጥንት ውስጥ ከፍ ይላል። ቻይና ውስጥ ቲያንዩዋን ዋሻ የተገኘው የ40,000 ዓመት ሰው የወንዝ ወይም የሐይቅ ዓሣ አዘውትሮ ይበላ እንደነበር በዚህ መንገድ ታውቋል። ይሄ ለዕድሜ ልኬትም ያስፈልጋል፦ ውኃ ውስጥ ያረጀ ካርቦን ስላለ፣ ዓሣ አብዝቶ የበላ ሰው አጥንት በራዲዮካርበን (ዕድሜን ከካርቦን በሚያሰላው ዘዴ) ሲለካ በመቶዎች ዓመታት አርጅቶ ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ምን ይበላ እንደነበር ታውቆ ቁጥሩ ይታረማል።