መልስ፦ በህንድ በኮታ የገባ ሁሉ የሰው ቦታ ቀማ?
ወንድሜ፣ «ህንድ ውስጥ በካስት (በትውልድ በሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ) ኮታ ዩኒቨርሲቲ የገባ የጎበዝ ቦታ ቀምቶ ነው፣ አይደል?» ላልከው፣ እኔ አይመስለኝም። በማዕከላዊው መንግሥት ተቋማት 15 በመቶው ቦታ ለዳሊቶች (ቀድሞ «የማይነኩ» ይባሉ ለነበሩት)፣ 7.5ቱ ለጎሳ ማኅበረሰቦች፣ 27ቱ ደግሞ ኋላ ለቀሩ ሌሎች ካስቶች ነው የተያዘው። የመግቢያ ፈተናው ግን ያው አንድ ነው፤ የሚለየው መቁረጫ ነጥቡ ነው። የሚከፋውስ ከገቡ በኋላ ያለው፦ ዶርም ውስጥ ገና ሻንጣህን ሳታወርድ «ስንተኛ ወጣህ?» ትባላለህ፣ ጠያቂው የፈለገው ግን ከፈተና ደረጃህ በኮታ መግባትህን ገምቶ ካስትህን ማወቅ ነው።

የሀብታም ልጅም ይጠቀምበታል ያልከው ግን እውነት አለው። ለ27 በመቶው ኮታ ከዚያ በላይ ያለው የማይጠቀምበት የቤተሰብ ገቢ ጣሪያ አለ፣ በዓመት 8 መቶ ሺህ ሩፒ፤ ለዳሊቶቹ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላ ኮታ ለማይመለከታቸው ድሆች 10 በመቶ ሲጨመር ግን ስለ «ብቃት» ያን ያህል ሲጮህ አልሰማሁም፤ እሱ ነው የሚገርመኝ።